ማስተካከያ፦ ስለ ኤሚ ኖተር የማስተማር ዘመን
ባለፈው ሳምንት ጎንደር ውስጥ ለማስተምራቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ባደልሁት አጭር የሕይወት ታሪክ፣ የሒሳብ ሊቋ ኤሚ ኖተር እ.ኤ.አ. በ1915 በጀርመን በሚገኘው በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ በደመወዝ ተቀጠሩ ብዬ ጽፌያለሁ። ስሕተት ነው። የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቃውንት ዳቪድ ሂልበርትና ፊሊክስ ክላይን የጋበዟቸው በዚያው ዓመት ቢሆንም፣ ሴት በመሆናቸው የማስተማር ፈቃድ ተከልክለው ትምህርታቸው ይታወጅ የነበረው በሂልበርት ስም ነው። ፈቃዱን ያገኙት በ1919 ነው፤ ክፍያውም ከዚያ በኋላ መጣ። ወደ ጌቲንገን ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ በትውልድ ከተማቸው በኤርላንገን ሰባት ዓመት ያለ ደመወዝ ሠርተዋል! «ተቀጠሩ» ያልኋት አንዲት ቃል ይህን ሁሉ ድካም ሸፍናለች። ተማሪዎቼን፣ ይልቁንም ሒሳብ የሚወዱትን ሴቶች ልጆች፣ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወረቀቱ በእጃችሁ ያለ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዛችሁ አርሙት።