የወደቀ ግንድ

ቡና የምንጠጣው ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ስልኩን ከፍቶ የፓሪሱን ኦሎምፒክ የ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ያሳየን ጀመር። የለሜቻ ግርማ መውደቅ ላይ ሲደርስ ወደኋላ እየመለሰ ሦስቴ አየነው። አቦሉ ሳይቀዳ ክርክሩ ጦፈ።

ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ ነው። የመጨረሻው ዙር ላይ ለሜቻ መሰናክሉን ሲዘል እግሩ ይነካና ይወድቃል፤ ጭንቅላቱ ከመሮጫው ጋር ይጋጫል። ሌሎቹ አልፈውት ይሄዳሉ። ሞሮኮአዊው ሱፊያን ኤል ባካሊ በ8:06.05 ወርቁን ሲወስድ የእኛው ልጅ እንደተዘረረ ነው። አንገቱ ተደግፎ በቃሬዛ ወጣ።

«ይኼ ልጅ ዕድሉ ብር ነው» አለ የመኪና መለዋወጫ የሚነግደው ወዳጃችን። «ዶሃ ብር፣ ቶኪዮ ብር፣ ኦሪጎን ብር፣ ቡዳፔስት ብር። አራት ጊዜ ሁለተኛ የወጣ ሰው ችግሩ ከራሱ ነው። በስተመጨረሻ ደግሞ ጭራሽ ወደቀ!»

ክርክሩ ይኸው ነበር። ከዚህ በኋላ የጨመረው ድምፅ እንጂ ነገር አልነበረም። ይህ ሰው፣ ሳይነገር እንዳይቀር፣ ሱቁ ከቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ የሚሄደው ግን በመኪና ነው።

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» አሉ ጡረታ የወጡት የስፖርት መምህር። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ስማኝ ልጄ፣ ዶሃ ላይ ኬንያዊው ኪፕሩቶ 8:01.35 ገባ፤ ለሜቻ 8:01.36። የሰከንድ አንድ መቶኛ ናት። ያን ጊዜ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። አንተ በ18 ዓመትህ ምን ላይ ነበርክ?»

ነጋዴው ይህን እንዳልሰማ አለፈው። ትንሽ ቆይቶ ግን ፊቱ በራ፤ ማስረጃ አግኝቷል። «እሺ፣ ፓሪስ ላይ ብሩን የወሰደው አሜሪካዊው ሩክስስ? ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአገሩ ሻምፒዮና ፍጻሜ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ አሸንፎ የለም እንዴ?»

እውነት ነው፣ አሸንፏል። ሆኖም ሩክስ የወደቀው ገና በሩጫው መጀመሪያ ነው፤ የሚነሳበትም የሚደርስበትም ጊዜ ነበረው። በመጨረሻው ዙር ጭንቅላቱን ተመትቶ የተዘረረን ሰው «ለምን ተነስተህ አልሮጥክም?» ማለት ምን ይባላል? ጋሼ ስሙን አወጡለት፦ «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።»

ከዚያ ብድግ ብለው ከልብስ ሰፊው ሜትርና ጠመኔ ተዋሱ። ግድግዳው ላይ ከመሬት 91 ሴንቲ ሜትር ለክተው ነጭ መስመር አሰመሩና ነጋዴውን አጠገቡ አቆሙት። መስመሩ ልክ ቀበቶው ላይ ዋለ። «የአጭር ርቀቱ መሰናክል ሲነኩት ይወድቃል» አሉ። «ይህ ግን ወፍራም አግዳሚ እንጨት ነው፤ አይወድቅም። የሚወድቀው ሰውየው ነው። ሃያ ስምንቱን በደረቅ፣ ሰባቱን ደግሞ ውኃ ላይ፤ በድምሩ 35 ጊዜ ይዘለላል፤ ያውም ጉልበት ካለቀ በኋላ ጭምር። በል እንግዲህ፣ አንዲቷን ብቻ ዝለልልን።»

«ቡናዬ ይቀዘቅዛል» አለና ተቀመጠ።

እኔ ነገሩ ያበቃው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሰኔ 2015 ዓ.ም. እዚያው ፓሪስ ውስጥ፣ በሌላ ስታዲየም፣ 7:52.11 ገብቶ ለ19 ዓመት ገደማ ያልተነካውን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ይኸው «ዕድሉ ብር» የተባለው ልጅ ነው። በኦሎምፒክ የወንዶች መሰናክልማ ከእሱ በፊት የነበረን የእሸቱ ቱራ የሞስኮ ነሐስ ብቻ ነበረች፤ እሷም የ1972 ዓ.ም. ናት። የቶኪዮዋ ብር አርባ አንድ ዓመት ተጠብቃ የመጣች ናት። እኛ ግን የ10,000 ሜትርና የማራቶን ወርቅ አስለምዶን፣ ሌላውን ሁሉ እንደ ፍርፋሪ እናየዋለን። ለሜቻ በወደቀ በሦስተኛው ቀን ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2:06:26 ሲያሸንፍ የቡና ቤታችን ሰው በሙሉ «ሩጫማ የእኛ ነው» ሲል ዋለ። በቃሬዛ የወጣው እንዴት አደረ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ነገሩ ከሩጫም ያልፋል። ቋንቋችን ራሱ ፈተና ላልሞላለት ተማሪ የሰጠው ቃል «ወደቀ» ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ ሲባል፣ ከመቶ ዘጠና ሰባት የሚጠጉት እንዴት ተማሩ፣ ማን አስተማራቸው፣ ምን አንብበው ተፈተኑ የሚለው ጥያቄ ለአንድ ሰሞን ተነስቶ ጠፋ። የሰነበተው የየሰፈሩ ወሬ ነው፤ የእገሌ ልጅ ወደቀ፣ የእገሊት ልጅ ወደቀች። ድሮ ጎረቤት ያዘነ ቤት ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ዛሬ ከበር ላይ «ስንት አመጣ?» ነው። ሰው ሲያመጣ የእኛ፣ ሳያመጣ የእናቱ ልጅ ሆኗል። ጋሼ ሲናደዱ ያችኑ ምሳሌ ይደግሟታል፤ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ምሳሌዋ አልሰለቸችኝም፤ ምሳሩ ግን ሰልችቶኛል።

ቡና የምታፈላልን ሴት ያን ቀን ከክርክሩ አንድ ቃል አልተናገረችም። በረካውን ስትቀዳ ለነጋዴው አልደረሰውም፤ ጀበናው አለቀ አለችው። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ አይቻለሁ፤ አላለቀም። ልጇ በዚያው ዓመት ከተፈተኑት አንዱ ነው። ውጤቱ የተሰማ ቀን፣ ገና ከሰሉን ሳታያይዝ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ልጅሽ ወደቀ አሉ?» ያላት ይኸው ሰው ነበር።