አጨብጭቦ መቅረት

ባለፈው ሚያዝያ ጣና ዳር ካለ አንድ ሆቴል ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። ስብሰባ ስል ዎርክሾፕ ማለቴ ነው። ስብሰባ ላይ ሰው ያንቀላፋል፤ ዎርክሾፕ ላይ ደግሞ በየመሃሉ እየተቀሰቀሰ ያጨበጭባል።

የመድረክ መሪው ገና «እንደምን አደራችሁ» ከማለቱ ጭብጨባ ጠየቀ። ሰጠነው። አልበቃውም።

«ምነው? ቁርስ አልበላችሁም እንዴ? የባህር ዳር ሰው እንዲህ ነው የሚያጨበጭበው?»

ቁርስ ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። እሱን ማንም አላነሳም፤ ጭብጨባውን ጨመርን። የክብር እንግዳው ሲገባ አጨበጨብን። ሲቀመጥ አጨበጨብን። መብራት ጠፍቶ የመጣ ጊዜማ ማንም ሳይጠይቀን አጨበጨብን። ያቺ ከልብ ነበረች።

በርግጥ ሰው አደራጅቶ ማስጨብጨብ የኛ ፈጠራ አይደለም። የሮሙ ንጉሥ ኔሮ መድረክ ላይ መዝፈን ይወድ ስለነበር፣ ከ5,000 የሚበልጡ ወጣቶችን ጭብጨባ አሰልጥኖ ነበር። በስልት ነው የሚያጨበጭቡት። አንዱ ስልት እንደ ንብ መንጋ ያጉረመርማል፣ ሌላው እንደ ጣሪያ ሸክላ ይንኳኳል። አለቆቻቸው ደህና ገንዘብ ይቆረጥላቸው ነበር። ይህቺን የገንዘብ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከአጠገቤ አንድ የቅኔ መምህር ተቀምጠዋል። «ባህልን ይወክሉ» ተብለው ነው የተጠሩት። ነጭ ጥምጥም፣ ጭራቸው ጉልበታቸው ላይ። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጥ እሳቸው እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም። በርዷቸው ይሆን ብዬ ነበር። በባህር ዳር፣ ያውም በሚያዝያ!

«የኔታ፣ ደከመዎት እንዴ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«አልደከመኝም ልጄ። ምን ብሎ ነው?»

«ማን?»

«ይሄ የተጨበጨበለት።»

ለማስታወስ ሞከርኩ። ወፍ የለም። መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤ፣ ሰውየው ምን እንዳለ አላውቅም። ለማምለጥ ያህል ዳዊትን ጠራሁ።

«መዝሙር 46 ላይ ‹ጥፍሑ እደዊክሙ›፣ እጃችሁን አጨብጭቡ ይል የለም የኔታ?»

«ይላል። ለማን እንደሆነም ይላል። ቀጥለህ አንብበው» ብለው ጭራቸውን አንዴ ወዘወዙብኝ።

ተናጋሪው ሪፖርቱን ቀጥሏል። «በዘርፉ የተከናወነው ተግባር ይበል የሚያሰኝ ነው!» አለ። የኔታ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ግራና ቀኝ ቃኙ።

«ማነው ይበል ያለው?»

ለኔ ብለው ነው የተናገሩት። ግን ዕድሜ ልኩን ማኅሌት የቆመ ድምፅ ሹክሹክታ አያውቅበትም። ፊት ያሉት ሦስት ረድፎች ዞሩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ጋ «ይበል የሚያሰኝ» የሪፖርት ማድመቂያ ነው። ከ«አበረታች ውጤት» ቀጥሎ፣ «አንዳንድ ውስንነቶች» ከመምጣታቸው በፊት ትሸጎጣለች። እሳቸው ጋ ግን ይበል የሚባል ነገር፣ ይበል የሚል ሰው ይፈልጋል። ቅኔ ቤት ተማሪው ተነስቶ ሲቀኝ፣ ያቺ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ብትሆን፣ ሰሙን ገፎ ወርቁን ያገኘ ሰው ነው «ይበል!» የሚለው። ያልገባው ዝም ይላል። ሳይገባው ይበል ያለ ሰው ደግሞ «እስቲ ወርቁን ንገረን» ከተባለ አለቀለት። ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ቤቶችን ባፈራ አገር ምስጋናም ፈተና ነበረው። በጭብጨባ ግን ወድቆ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ ድሮ እጃችን ሥራ ላይ ነበር። ወረብ ሲወረብ ከከበሮውና ከጸናጽሉ ጋር ምት ይጠብቃል። ሠርግ ላይ እስክስታውን ይሸከማል። አዝማሪ ቤት ግቡ፤ ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል፣ ባለማሲንቆው ግን ተመሰገንኩ ብሎ እጅ አይነሳም። ምት ተያዘለት እንጂ ማን አመሰገነው? ምስጋናው የሚለጠፈው ግንባሩ ላይ ነው። በ2013 ባለ 200 ብሩ ኖት ከመጣ ወዲህ ደግሞ የታዳሚው አስተያየት ከበር ላይ ሆኖ ይነበባል።

አፋችን ለምስጋና ሰንፎ አያውቅም። ልጅ ሲላክ «እደግ፣ ተመንደግ!» ይባላል። እኔ በልጅነቴ ለሰፈሩ ሁሉ ተላልኬ፣ ከረሜላ ስጠብቅ እደግ ተመንደግ ብቻ ተሸክሜ እመለስ ነበር። ቁመቴን ያየ ሰው ብዙም አልተላከም ይላል። ደህና የሠራ «ጎሽ!» ይባላል። የደፈረ «አንበሳ!» ይባላል። ጣና ግን ጉማሬ ሞልቶት ሳለ፣ «ጉማሬ!» ተብሎ የተመሰገነ የባህር ዳር ልጅ የለም። ወጥ የሠራች «እጅሽ ይባረክ» ትባላለች። እሱም ተጎርሶ ነው። ሳትጎርስ ብትል «ኧረ መጀመሪያ ብላ!» ትባላለህ።

ደግሞ እዚህ ሐይቁ ዳር ጭብጨባ ሌላ ትርጉም አለው፤ «ወዲህ በል» ማለት ነው። መናፈሻው ሰፊ ነው፣ ዋርካው ድምፅ ይውጣል፣ አስተናጋጁ ሩቅ ነው። ሁለቴ ጨብ ጨብ ስታደርግ ከዛፍ ኋላ «አቤት!» ይላል። አክስቴ ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው አካባቢ አሳ ስትጠብስ የኖረች ሴት ናት። አምና ልጇ ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተመርቃ ቤት ውስጥ ድግስ ነበር። ልጅቷ ቆማ «ለዚህ ያበቃችኝ እናቴ ናት፤ እስቲ ሞቅ ባለ ጭብጨባ!» አለች። ቤቱ ተናወጠ። አክስቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«አቤት፣ መጣሁ! ምን ልታዘዝ?»

ከጥግ በኩል አንዱ «ቀረሶ አሳ ካለ…» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ወደ ዎርክሾፑ ልመልሳችሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመድረክ መሪው ሁላችንም ስንጠብቀው ወደዋልነው ርዕስ ገባ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የውሎ አበሉ ጉዳይ በሂደት ላይ ነው፤ ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን» አለ። ቀኑን ሙሉ ለምዶብን አጨበጨብን። ያውም ሞቅ አድርገን። ምን እንደተባለ የገባን መዳፋችን ሲቀዘቅዝ ነው።

ከአዳራሹ ስንወጣ ጀንበሯ ሐይቁ ላይ ልትወርድ ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። የኔታ ብቻ ጠዋት እንደመጡት ናቸው።

«ምነው ልጄ ከፋህ?» አሉኝ።

«ምን እባክዎ የኔታ። ከጠዋት እስከ ማታ አጨብጭበን ቀረን።»

ቆም አሉ። ዓይናቸው ጠበበ። ከንፈራቸው ነገሩን አንዴ መላልሶ ሲያኝከው አየሁ። ከዚያ ጥምጥማቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ይበል!» አሉ።

በዚያን ቀን ከተባለው ሁሉ ይበል ያገኘ እኔ ብቻ ነኝ። ደረቴን ነፍቼ ባጃጅ አስቆምኩላቸው። ሂሳባቸውንም ከፈልኩ።

«እደግ፣ ተመንደግ» አሉኝ።