ማስተካከያ፦ ስለ ደብረ ማርቆሶቹ የኢንዱስትሪያል ሜታል ልጆች

ባለፈው ሳምንት ስለ ደብረ ማርቆስ ጀማሪ የኢንዱስትሪያል ሜታል (ከባድ የሮክ ጊታርን ከማሽን ድምፅ ጋር የሚያዋህድ ስልት) ባንድ የወጣው ጽሑፍ «ድራመር ስለሌላቸው ፕሌይባክ ነው የሚያሰሙት» ይላል፤ አስቀድሞ የተቀዳ ሙዚቃ ነው የሚከፍቱት ማለቱ ነው። ትክክል አይደለም። ጊታሩም፣ ቤዙም፣ ድምፁም በቀጥታ ነው። ምቱን ብቻ ድራም ማሽን፣ ማለትም የከበሮ ድምፅ የሚያወጣ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ፣ ይመታዋል። በዚህ ስልት ደግሞ ይህ ነውር የለውም። የእንግሊዙ፣ የበርሚንግሃሙ ባንድ ጎድፍሌሽ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው «ስትሪትክሊነር» አልበም የተሠራው በማሽን ምት ነው። ጆሮ የሚይዘውም ያ ግትር፣ ድካም የማያውቅ ምት ነው።

በዘፈናቸው መግቢያ የሚሰማው ጩኸትም «የፋብሪካ ድምፅ» ተብሏል። የወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ያስላል። ቀበቶው ይንጫጫል። እህሉ ሲገባበት ድምፁ ይወፍራል፤ ጊታሩ ከች የሚለው እዚያች ላይ ነው። የጎጃም ልጅ ወዲያው ይለየዋል። ጤፍ ተሸክሞ ወረፋ ያልጠበቀ ማን አለ?

ስልቱን የጀርመኑ ባንድ ራምስታይን ጀመረው መባሉም ይታረም። ራምስታይን በርሊን ውስጥ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ከዚያ በፊት ጎድፍሌሽ፣ የቺካጎው ሚኒስትሪና ናይን ኢንች ኔልስ መንገዱን ጠርገውታል። ናይን ኢንች ኔልስማ እ.ኤ.አ. በ1993 በሜታል ዘርፍ የአሜሪካውን የሙዚቃ ሽልማት ግራሚን ወስዷል። ራምስታይንን ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ እንደኔ እንደኔ፣ መድረክ ላይ በሚለቀው እሳት ነው።

ልጆቹ ገና አልበም አላወጡም። በጽሑፉ «አልበም» የተባለው «ዴሞ» (የሙከራ ቅጂ) ተብሎ ይነበብ።