ከሜታሊካ አልበም ላይ 24 ደቂቃ ይቀነስ

አዲስ አበባ ውስጥ ሄቪ ሜታል የሚያዳምጥ ሰው ብዙ አይደለም፤ ያለው ግን ለክርክር አይሰንፍም። ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ፣ ስታዲየምም ሆነ ሜክሲኮ፣ ሁለት የሜታል ወዳጆች ማኪያቶ አዝዘው ከተቀመጡ ወሬው የአሜሪካው የሄቪ ሜታል ባንድ ሜታሊካ ላይ ማረፉ አይቀርም። ሜታሊካ ከተነሳ ደግሞ «ሰቨንቲ ቱ ሲዝንስ» (72 ወቅቶች) የተባለው አልበማቸው ይነሳል። አንዱ ወገን «ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየደገሙ ነው» ይላል። ሌላው «ከ1991ዱ ጥቁር አልበም ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠሩም» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ሚዛን የሚደፋ ነጥብ አላነሱም ባይ ነኝ። ሪፎቹ (ዘፈኑን የሚሸከሙት ተደጋጋሚ የጊታር ሐረጎች) ጥሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹም እጅግ ጥሩ ናቸው። አልበሙን የጎዳው መቀስ አለመቅመሱ ነው።

አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 2023 ነው። በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ዕለቱም ስቅለት ነበር። ሁዳዴን ሙሉ ዘፈን ሳይሰማ የከረመ ጿሚ አልበሙን የሚከፍተው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እስከዚያ የውጭዎቹ ሃያሲዎች ፍርዳቸውን ሰጥተው ጨርሰዋል። እዚህ ከተማ ከሚሰማው ክርክር ብዙው ዛሬም የእነሱኑ ፍርድ ተውሶ የሚደግም ነው። ስለዚህ ከመሠረቱ እንጀምር። 12 ዘፈኖች፣ ድምር ርዝመታቸው 77 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። ፕሮዲውሰሮቹ ግሬግ ፊደልማን፣ ዘፋኙና ሪትም ጊታሪስቱ ጀምስ ሄትፊልድ፣ እንዲሁም ድራም መቺው ላርስ አልሪክ ናቸው። 72ቱ ወቅቶች የሰው ልጅ የመጀመሪያዎቹ 18 ዓመታት ናቸው፣ በየዓመቱ አራት ወቅት ተቆጥሮ። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን በ2024 የግራሚ ሽልማት ላይ በሜታል ዘርፍ አሸንፏል።

ስለ ሙዚቃው ከመፍረድ በፊት ግን የሚሰማው ፋይል ይመርመር። ይህ አልበም በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲሆን ወደ 74 ሜጋባይት ይመዝናል፣ በ320 ኪሎቢት 185 ገደማ፣ ምንም ሳይጨመቅ በሲዲ ጥራት ከ800 በላይ። ጥቅሉ እንዳያልቅበት የሚሰጋ ሰው የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። በቴሌግራም የሚዞረው ቅጂ በአብዛኛው ከዩቲዩብ ላይ የተገለበጠ ነው። ዩቲዩብ ድምፁን አንዴ ጨምቆታል፤ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ሁለተኛ ይጨመቃል። በዚህ ከማንም በላይ የሚጎዳው ሜታል ነው። ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሻከረ ድምፅ) የበዛበት ጊታርና የማያቋርጥ ሲምባል (የድራሙ የብረት ሳህን) የላይኛውን የድምፅ ክልል ጥቅጥቅ አድርገው ይሞሉታል፣ መጭመቂያው ደግሞ ለዚያ ሁሉ የሚበቃ ቢት የለውም። ውጤቱ ሲምባሉ «ሽሽሽ» እያለ ይንቦጫረቃል፣ የስኔሩም (የድራሙ ስል ድምፅ ያለው ከበሮ) ምት ጫፉ ይደንዛል። ከዚያ «ላርስ ድራሙን አበላሸው» የሚል ይመጣል። የፋይሉ ስም ላይ 320 ተብሎ መጻፉ ማስረጃ አይሆንም። ስፔክን በመሰለ የድምፅ ክልል በሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት፤ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው በማስመሪያ የተቆረጠ ያህል ባዶ ከሆነ ፋይሉ ሲወለድ 128 ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ችግር ማጫወቻው ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ወደ 41 ኸርዝ ነው፤ የስልክ ስፒከር ያንን ፈጽሞ አያወጣውም። የመጀመሪያው ዘፈን ሲከፈት የሮበርት ትሩሂዮ ቤዝ ከሃይ ሃት (ከተጣመሩት ትናንሽ ሲምባሎች) ጋር ነው የሚገባው፤ በስልክ የሚሰማ ሰው የሚደርሰው ሃይ ሃቱ ብቻ ነው። ከዚያ «ቤዙ የታል?» ይላል፤ ቤዙ የማይሰማ ያህል የተቀነሰበትን የባንዱን የ1988 አልበም የሚያስታውስ ደግሞ ወዲያው ያምነዋል። ታክሲና መኪና ውስጥ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቤዝና ትሬብሉ (ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ) እስከ ጥግ ይከፈታል፣ መካከለኛው ይቀነሳል። የሄትፊልድ ሪትም ጊታር የሚኖረው ግን እዚያው መካከል ላይ ነው። ኢኳላይዘሩን (የድምፅ ማስተካከያውን) አጥፍታችሁ፣ ከተቻለ ሽቦ ባለው ኤርፎን፣ ያንኑ ዘፈን ድገሙት። ክርክሩ ግማሹ እዚያው ይቀራል።

ከ1986ቱ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ጋር የሚያወዳድሩ ደግሞ አንድ ነገር ይዘነጋሉ። የድሮው ሲዲ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አዲሱ እጅግ ከፍ ተደርጎ የታተመ ነው። ተከታትለው ሲከፈቱ አዲሱ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ገዝፎ ይሰማል፣ አራተኛው ዘፈን ላይ ጆሮ ይደክማል። የ2008ቱ «ዴዝ ማግኔቲክ» ላይ ይህ ነገር ልክ አጥቶ ድምፁ እስኪሰባበር ደርሶ ነበር፤ ለጊታር ሂሮ ጌም የተዘጋጀው ቅጂ የተሻለ እንደሚተነፍስ ያወቁ ደጋፊዎች አልበሙ እንደገና ይታተምልን ብለው ፊርማ አሰባስበዋል። አዲሱ አልበም ከዚያ በብዙ ይሻላል። ቢሆንም ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው የሄትፊልድ ድምፅ በሁለቱም ላይ እኩል እስኪሰማ የአዲሱን ቮልዩም ይቀንስ። ያኔ የአዲሱ ስኔር ጥርት ብሎ፣ የድሮው ጊታር ደግሞ በሰፊው ተዘርግቶ ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በሸክላ ዘመን መቀሱን የሚይዘው ሸክላው ራሱ ነበር። አንዱ ገጽ ከ22 ደቂቃ ብዙ ካለፈ ድምፁ ይሳሳል፣ ቤዙም ይቀንሳል። የ1986ቱ አልበም 8 ዘፈንና 55 ደቂቃ ገደማ ሆኖ አንድ ሸክላ ላይ የገባው እየተጨናነቀ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዘፈን ቦታውን በትግል ነው ያገኘው። ሲዲ 80 ደቂቃ ሲፈቅድ፣ ኋላም በኢንተርኔት ማዳመጥ ወሰኑን ጨርሶ ሲያነሳው፣ «ይህ ይቅር» የሚል ጠፋ። የ2016ቱ «ሃርድዋየርድ»ም እንዲሁ 77 ደቂቃ ገደማ ነበር፣ ያውም በሁለት ሲዲ።

«ሰቨንቲ ቱ ሲዝንስ» ውስጥ መንገዱ የሚከብደው አራተኛው ዘፈን ላይ ነው። «ስሊፕዎክ ማይ ላይፍ አዌይ» (6:56) በቤዝና በድራም ረዘም አድርጎ ይከፍታል፣ በመካከለኛ ፍጥነት ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው «ዩ መስት በርን» (7:03) ከእሱም የከበደና የዘገየ ነው። 14 ደቂቃ ሙሉ ባንድ እርምጃ! ሁለተኛው በጣም ግሩም ዘፈን ሆኖ ሳለ የፊተኛው አድክሞን ስለምንደርስበት ክብሩን ያጣል፤ ስለዚህ የፊተኛው ይቆረጥ። ከዚያ «ሉክስ ኤተርና» በ3 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ሁሉን ያነቃዋል፤ ያንን ያገኘነውን ጉልበት ግን «ክራውን ኦቭ ባርብድ ዋየር» (5:49) እና «ቼሲንግ ላይት» (6:45) ተረክበው ይጥሉታል። ሁለቱም መጥፎ ዘፈኖች አይደሉም። ቦታቸው ግን እዚያ አልነበረም፤ ለነጠላ ዘፈን ቢተርፉ ደጋፊው ደስ ብሎት ይወስዳቸው ነበር። አራተኛው ተቆራጭ «ቱ ፋር ጎን» (4:34) ነው። ከጎረቤቱ «ሩም ኦቭ ሚረርስ» ጋር ሲተያይ ሁለቱም በጥንድ ጊታር ዜማ የሚኖሩ ናቸው፤ አንዱ ይበቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ የተሻለ ተጠናቋል።

እነዚህ አራቱ ሲወጡ 24 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ይቀነሳል። የሚቀረው 8 ዘፈን፣ 53 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ነው። ቅደም ተከተሉን ሳትነኩ መካከል ላይ ክፈሉት። የመጀመሪያዎቹ አራት 26 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ፣ የኋለኞቹ አራት 26 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ይሆናሉ። በካሴት ዘመን ቢሆን የ60 ደቂቃ ካሴት ሁለቱም ገጽ ላይ እኩል ይቀመጥ ነበር። በስልካችሁ ማጫወቻ ዝርዝር ሠርታችሁ ሞክሩት። ያኔ «ራሳቸውን እየደገሙ ነው» የሚለው ክስ ብዙ ጉልበት ያጣል፣ የድግግሞሹ ስሜት በዋናነት የመጣው ከተመሳሳይ ፍጥነት መደራረብ ነውና።

በባንዱ ሶሎ ጊታሪስት በከርክ ሃሜት ላይ የሚወርደው ውግዘት ግን ለየት ያለ መልስ ይፈልጋል። «ያችኑ አምስት ኖታ ነው የሚደጋግመው» ይሉታል። ይህን ሌላ አገር ቢሉት ይገባኛል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ አያነሳም። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ሃሜት አዘውትሮ የሚሄድበት የሮክ ማይነር ፔንታቶኒክ ደግሞ ከባቲ ማይነር ጋር ድምፅ በድምፅ ይገጥማል። ሜታል አጥብቆ የሚወደው ከመነሻው ድምፅ ግማሽ እርከን ብቻ ከፍ የሚለው ጨለም ያለ ኖታም አምባሰልና አንቺ ሆዬ ውስጥ አለ። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ የአገራችን ቅኝትና የጦዘ ጊታር እንደሚስማሙ በተግባር አሳይቷል። ማሲንቆ መቺ በአምስት ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲያስለቅስ የሚያድር አገር ላይ የኖታ ቁጥር ክስ ሊሆን አይችልም። ጥያቄው ድምፁን እንዴት አጎነበሰው፣ የት ተነፈሰ፣ የት ዝም አለ የሚለው ነው።

በዚህ መለኪያ ሃሜት ጥፋት አለበት። ዋዋ ፔዳሉን (ጊታሩን «ዋ ዋ» የሚያሰኘውን መርገጫ) ሶሎ በመጣ ቁጥር ይረግጠዋል፤ ሶሎውም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ፣ ሁሉም በሚጠብቀው ቦታ ይገባል። ዋዋ ለከተማችን ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ በ1960ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) እዚህ በተቀዱ ሸክላዎች ላይም አለ። እዚያ ግን እንደ ቅመም ጣል ይደረግ ነበር። በሌላ በኩል ሃሜት ሶሎዎቹን አስቀድሞ ሳይጽፍ እየቀዳ መፍጠሩን ራሱ ተናግሯል፤ «ሉክስ ኤተርና» ላይ ያ አካሄድ ይሠምርለታል። በ«ሃርድዋየርድ» ድርሰት ውስጥ ስሙ ያልነበረው ሰው እዚህ በድርሰት መመለሱም ለሪፎቹ መለያየት ረድቷል።

አንዳንዶች መቀስ ከተነሳ «ኢናሞራታ» ይቅደም ይላሉ። 11 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው፣ ባንዱ በራሱ ስም ደርሶ ካወጣቸው የስቱዲዮ ዘፈኖች ሁሉ ረጅሙ። አልስማማም። ባላድ (ዝግ ያለ ለስላሳ ዘፈን) በሌለው በዚህ አልበም ውስጥ ጊታሮቹ ገሸሽ ብለው ቤዙ ቦታ የሚያገኘው፣ ባንዱም ሳይቸኩል የሚጫወተው እዚያ ነው። መሃሉ ላይ ሁሉም ዝቅ ይልና ሄትፊልድ ለስለስ ባለ ድምፅ ይመለሳል፤ ቀጥሎ ሪፉ ሲገባ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ከ66 ደቂቃ በኋላ የደከመ ጆሮ ይህን አይሰማም፤ በ53 ደቂቃው ቅጂ ግን ይሰማዋል። ከቆረጥኳቸው አንዱን መልስ ብባል የምመልሰው «ቱ ፋር ጎን»ን ነው፤ ያም ሆኖ አልበሙ ከ58 ደቂቃ አያልፍም።