ፎቶግራፉን አሳዩን እንጂ!

ከቅዳሜ ጀምሮ ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል። እዚህ ጎንደር የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ ተከፈተ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተን እናውቃለን? ስለዚህ ወሬው እንደደረሰኝ አሥር ተማሪዎቼን አስከትዬ ገሰገስኩ። ቦታው የሆቴል አዳራሽ ነው። ስምንት ሰዓት ተብሎ የክብር እንግዶቹ ዘጠኝ ተኩል ደረሱ። ከዚያ ንግግር፣ ከንግግር በኋላ ደግሞ ሌላ ንግግር። ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጀርባችንን ሰጥተነው ቆመናል!

በመጨረሻ ዞርን። ጥጥ የሚፈትሉ እናት፣ ጥቁርና ነጭ። ፍሬሙን ግን ከሰፊ መስኮት ፊት ለፊት ሰቅለውታል፤ መስታወቱ ላይ የሚታየው ውጭ የቆመ ባጃጅ ነው። አንዷ ተማሪዬ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ መስኮቱን ስትጋርድልን ነው የእንዝርቱ ክር የታየን። ክሩን ስናይ ሁላችንም ዝም አልን። እንዲህ ያለ ሥራ እኮ ነው የተበደለው! ቀጥሎ ያለው የጥምቀት ፎቶግራፍ ደግሞ ፍሬሙን እንዲሞላ ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚዘሉት ልጆች አጥረውና ወፍረው ቀርተዋል። የአንሺው ስም የለም፤ ዓመተ ምሕረት የለም፤ ቁጥር ብቻ ተለጥፏል። «ማን አነሳው?» ብለን አስተናጋጁን ብንጠይቅ «የእኛው ሰው ነው» አለን።

ለክፍሌ ልጆች ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 አፋር ዳሎል ላይ ያነሳችውን «ዋተር ላይፍ» የተሰኘ ተከታታይ ፎቶግራፍ በስልኬ አሳይቻቸዋለሁ። ውኃ የሚቀዱ ሴቶችን ድካም የምትናገረው በቀለም ነው፤ ቀዩና ሰማያዊው ከደበዘዘ ነገሩ ሁሉ ይጠፋል። ፎቶግራፍ አንሺው ሚካኤል ጸጋዬም ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም ሰውነቱ አልቀበል ስላለው ነው ወደ ካሜራ የዞረው። እንዲህ ያለ ሰው የለፋበትን ግራጫ ርካሽ ህትመት ሲውጠው ማየት ያማል። አይዳ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስትን፣ ለማየት ደግሞ ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መጓዝ ነበረብን። የስንቱ ተማሪ ቤተሰብ ይህን ይችላል?

የጎንደር ሰው ማየት አያውቅም የሚለኝ ካለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይግባ። ቀና ሲል ጣሪያውን የሞሉት መላእክት ቁልቁል ያዩታል። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እዚያ አንጋጥጠን ያደግን ሰዎች ነን። የምንጠይቀው መጋረጃ፣ ከፎቶግራፉ ሥር የአንሺው ስም የሰፈረባት ወረቀት፣ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ጊዜ ነው። ይህ ምን ያህል ገንዘብ ይፈጃል? ለመክፈቻው ከታተመው ባነር ይበልጣል?

ያቺ ነጠላዋን የዘረጋችው ልጅ የፎቶግራፉ ብርሃን ከየት እንደመጣ ልትጽፍ ደብተር ይዛ እሑድ ተመልሳ ሄደች። አዳራሹ ለሠርግ ተፈልጓል። ፍሬሞቹን ኮሪደር ላይ፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ተደራርበው አገኘቻቸው። የፈታይዋን ልታወጣ ብትጎነበስ ዘበኛው ከለከላት።