«የዘር ነው» ከተባለ በኋላ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ሁለት ነገር ያጣራል፤ ዝምድናው ከሰባት ቤት መራቁንና በዘሩ ዝሆኔ (ከአፈር የሚመጣ እግር የሚያሳብጥ በሽታ፣ ፖዶኮኒዮሲስ) የያዘው ሰው መኖር አለመኖሩን። የመጀመሪያው ማጣራት በሕክምና ዓይንም ይጠቅማል። ሁለተኛው ፍርደ ገምድል ነው።

ሰባት ቤት መቁጠር የሚያግዘው ከእናትም ከአባትም መወረስ ያለበትን በሽታ ለመቀነስ ነው። ቆዳና ፀጉር ቀለም የሚያጡበት አልቢኒዝም እንደዚያ ነው፤ ጤነኛ የሆኑ ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ እያንዳንዱ ልጅ በሽታው የመያዝ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ደም የማይረጋበት ሄሞፊሊያ ግን ሰባት ቤት አያግደውም። እናት ተሸካሚ ከሆነች እያንዳንዱ ወንድ ልጇ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የእናቱ ወንድሞች ሲገረዙ ደሙ አልቆም ብሎ ከነበረ ሕፃኑ በ8ኛው ቀን እቤት አይገረዝ፣ እንጥሉም አይቆረጥ፤ አስቀድሞ የደም መርጋት ምርመራ ይደረግለት። አስፕሪንና ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌም ይቅርበት። ሕክምናው የጎደለውን የማርጊያ ፕሮቲን መተካት ነው፤ ውድ ነው።

ዝሆኔ ሌላ ነው። ወንድም ወይም እህት የታመመበት ሰው ከሌላው 5 እጥፍ ገደማ ተጋላጭ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የወላይታ ጥናትም ተጋላጭነቱን ከሰውነት መከላከያ ዘረመሎች ጋር አያይዞታል። ሆኖም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር በባዶ እግር ካልገባ ዘሩ ብቻውን እግር አያሳብጥም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንግዲህ መታየት ያለበት የሙሽራዋ ጫማ እንጂ የአባቷ እግር አይደለም። ችግሩ ጫማው ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ይደረግና እርሻ ላይ ይወልቃል። በረባሶም አፈሩን አይከለክልም።

ላበጠ እግር በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያ 6 ሊትር ውኃ ውስጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መንከር ነው። በረኪናው ካልቀጠነ ቆዳ ያቃጥላል። በጣቶች መካከል በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበት ከቀረ እዚያው ይቆስላል። ቫዝሊን ተቀብቶ ፋሻው ከጣት ጀምሮ ወደ ጉልበት ይጠቀለላል፤ ከላይ ከተጀመረ እብጠቱን ወደ ታች ይገፋዋል። ማታ እግር ከፍ ብሎ ይተኛል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን ላይ በተደረገ ሙከራ እንዲህ ያለው እንክብካቤ ትኩሳትና ሕመም ያለበትን ማገርሸት በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል።

ጫማው በልክ የሚሰፋ ከሆነ እብጠቱ ጥቂት እስኪቀንስ መጠበቅ ያሻል። ገና ባበጠ እግር የተለካ ጫማ ከሳምንታት በኋላ ሰፍቶ ተረከዝ ይልጣል፤ ያኔ ባለቤቱ አውልቆ ይጥለዋል።