«ትንሽ ተኚ እንጂ»፤ መቼ?

ሌሊት አስር ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ ሰው ወይ ዳቦ ጋጋሪ ነው ወይ እንደኔ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች። ሜዳው ለእኛ ባዶ የሚሆነው ያኔ ብቻ ነዋ! ጨዋታው ራሱ 3 ጊዜ 20 ደቂቃ ነው፤ በቃ። መንገዱን፣ ያን ሁሉ መከላከያ ልብስ ማጥለቅና ማውለቁን፣ ማታ መኪና ውስጥ በስልክ መብራት የምሠራውን ካልኩለስ ግን ማን ቆጠረልኝ? አሰልጣኙ «ቅድሚያ ለቡድኑ» ይላል፤ የሒሳብ መምህሬ «ፈተናው አይጠብቅሽም» ትላለች። እማዬ ደግሞ «ትንሽ ተኚ እንጂ ልጄ»። በየትኛው ሰዓት፣ እማ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «አንቺማ በስፖርቱ ኮሌጅ ትገቢያለሽ፣ ምን አስጨነቀሽ» የሚሉኝ ናቸው። ውጤቴ ከወረደ የትኛው ኮሌጅ ነው በሆኪ ዱላዬ ብቻ የሚቀበለኝ? ትናንት የባዮሎጂ መጽሐፌን ስከፍት የጓንቴ ሽታ ወጣ። ሳቄም ለቅሶዬም እኩል መጣ።